ማሽኑን ማንም እንዳይነካ

የጥበቃ ሠራተኛው ጠሀ የአራተኛ ፎቁን የብረት በር ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ያየው አንድ እግር ጫማ ነው። ጫማው የማሽን ክፍሉ ደፍ ላይ ተገልብጦ ወድቋል። ባለቤቱ ሙናዊር ደግሞ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ በባትሪ መደርደሪያውና በግድግዳው መሃል ተጣጥፎ ተኝቷል። ጠሀ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራው። መልስ ሲያጣ ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ መንገድ ላይ ጮኸ።

ዕለቱ አርብ፣ የካቲት 16 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር፤ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት ከሩብ። ከጁምዓ የተመለሰው ሕዝብ መርካቶን እንደገና ሞልቶታል። ኢንስፔክተር ሠርኬ መኪናዋን ዱባይ ተራ መግቢያ ላይ ትታ፣ ሸክም ከያዘና ሸቀጥ ከሚያማርጥ ሰው ጋር እየተጋፋች መጣች። ሕንፃው ሊፍት አለው፤ አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ከትንፋሿ ጋር እየታገለች ነበር።

ሟቹ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው። የጭንቅላቱ ኋላ ተመትቷል፤ ደሙ የባትሪ መደርደሪያው የብረት ጠርዝ ላይ ደርቋል። በሩ አልተሰበረም። ከእጁ የማይለየው ላፕቶፕ ግን የለም።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ያህል ኮምፒውተሮች ተደራርበው ያጓራሉ። አንድ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደላት ከታች ወደ ላይ እየተሯሯጡ ይወጣሉ፤ ዓይን ሊከተላቸው አይችልም።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ሠርኬ።

የመለሱላት ጋሼ ወልደሚካኤል ናቸው፤ የድርጅቱ ባለቤት። ስልሳ የሚሞላቸው፣ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ድምፃቸው የታረመ ሰው ናቸው። መኪናቸውን መሳለሚያ ጋራዥ አስገብተው ሲያሠሩ ተደውሎላቸው መምጣታቸውን ነገሯት።

«የአርባ ደንበኞች ኮምፒውተሮች እዚህ ሆነን እንጠብቃለን» አሉ። «የነጋዴ አለ፣ የመድኃኒት ቤት አለ። ‹ንቁ› የሚባል ፕሮግራም አለን። የማን ማሽን እንደዘገየ፣ የማን እንደሞቀ፣ የማን እንደቆመ ይከታተላል። ዝርዝሩን ግን ልጆቹ ናቸው የሚያውቁት። እኔ ኪቦርድ ከነካሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል።»

«የበሩ ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«ሙናዊር ጋ፣ እኔ ጋ፣ ሀፍሷ የምትባል ባልደረባው ጋ፣ ጠሀ ጋ።»

ይህን እያሉ ስልካቸው ጠራ። አዳምጠው ለሠርኬ አቀበሏት። «ሀፍሷ ናት። ለሥራ አዳማ ናት፤ ሰምታ ነው።»

ልጅቷ ታለቅሳለች። በለቅሶዋ መሃል ግን አንድ ነገር ደጋግማ ትለምናለች፤ «ኢንስፔክተር፣ ከዚህ ሆኜ ወደ ማሽኑ ልግባ። የሆነ ነገር ልክ አይደለም። አምስት ደቂቃ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«እህቴ፣ ሰው የሞተበት ክፍል ነው። ማንም ምንም አይነካም።»

«እሱ ገብቶኛል፣ ግን...»

«አልኩሽ እኮ!» ብላ ስልኩን መለሰች።

ጋሼ ወልደሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትክክል ብለዋል። እስኪጣራ ድረስ ማሽኑን ማንም ባይነካው ነው የሚሻለው።»

ሠርኬ በአሥራ አራት ዓመት የምርመራ ሥራዋ፣ ንብረቱ ሲታሸግበት ያልተከራከረ ነጋዴ ሲገጥማት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አላት። ክፍሉን አሸገች፤ ረዳቷን ሳጅን ይመርን በሩ ላይ አቁማ ወረደች።

ጠሀ ያን ሌሊት ጣቢያ አደረ። በጁምዓ ሰዓት የብረት በሩን ቆልፎ ለሶላት መሄዱን፣ ሙናዊር ግን ሥራ አለኝ ብሎ መቅረቱን ተናግሮ ነበር። ሁልጊዜ ከጎኑ የሚሰግዱ ሦስት ሰዎች ሲጠየቁ ግን በዚያ ቀን አላየነውም አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሠርኬ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ጋሼ ጠሀ፣ የት ነበሩ?»

«ጁምዓ።»

«ሐሰት ነው።»

ሰውየው ከደረት ኪሱ የተጨማደደች የአውቶቡስ ትኬት አወጣ። «እናቴ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ነበር። ቡታጅራ ልሸኛት አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ለሶላት ብሄድ ማንም አይናገረኝም፤ ለግል ጉዳይ ሥራ ትተሃል ከተባልኩ ግን እባረራለሁ። ልጁን እኔ ምን አድርጎኝ እገድለዋለሁ? ቁርሱን አብሮኝ ነው የሚበላው።»

ሠርኬ ትኬቷን ይዛ ወደ ኮማንደር ተክለ ሃይማኖት ገባች። አለቃዋ ትኬቷን በጣታቸው ጫፍ አገላበጧት።

«ትኬት ለማንም ይሸጣል፣ ሠርኬ። ቁልፍ አለው፣ ዋሽቷል፣ አስከሬኑንም ያገኘው እሱ ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ላፕቶፑ የለም። ምክንያትም የለውም።»

«ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ፍርድ ቤት ይቀርባል። እስከዚያ ሌላ ሰው ካመጣሽ አምጪ። ካላመጣሽ አትጨቃጨቂኝ።»

ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ምድር ቤት ሞባይል የሚሸጠው ጃፋር ሐሙስ ዕለት ከሙናዊር ጋር መንገድ እስኪሰማ መጨቃጨቁን ይመር አጣርቶ ነበርና በቀጥታ እሱ ጋ ሄደች።

«ተሳድቤያለሁ» አለ ጃፋር፣ እጁን እያወናጨፈ። «መብራት በጠፋ ቁጥር የጄነሬተራቸው ጢስ ሱቄን ያጠቁረዋል። ግን በጢስ ሰው ይገደላል እንዴ? እኔ መስጊድ ነበርኩ፤ ከግራዬም ከቀኜም የነበሩትን ልጥራልሽ።» አራት ሰው ጠራ፤ አራቱም መሰከሩለት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ላፕቶፑ ለሽያጭ ወጥቶ ቢሆን ከኔ ጆሮ አያመልጥም ነበር። አልወጣም። ሌባ የወሰደው አይመስለኝም» አላት።

መሳለሚያ ደግሞ መካኒኩ ኃይሌ ከመኪና ሥር ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ መለሰላት።

«ጋሼ ወልደሚካኤል? አዎ፣ እዚህ ነበሩ። ከአምስት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል። ፍሬናቸውን ነው የሠራሁላቸው።»

ጻፈች። ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ ነበረ፤ ሁሉም ምስክር አለው። ከጠሀ በቀር። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ መሪውን በጡጫ መታችው። ጥሩምባው ጮኸ፤ አንድ ተሸካሚ ደንግጦ ረገማት።

ሀፍሷ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀብር ቀጥታ መጣች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። ይመር እሽጉን ሲከፍትላቸው፣ ሠርኬ ከፊት፣ ልጅቷ ከኋላ ገቡ። ፊደላቱ እስካሁን ይሮጣሉ።

«ያ ረቢ» አለች ሀፍሷ። «ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ነው?»

«አዎ። ማንም አልነካውም።»

«ማን ነው እንዲህ የተወው?» ድምፅዋ ጮኸ።

ሠርኬ ተቆጣች። «ንገሪኝ እንጂ አትጩኺብኝ። እኔ ኮምፒውተር አልተማርኩም፤ በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ንቁ ሁለት ዓይነት ወሬ አለው። አንዱ ለደንበኛ ነው፤ ‹ማሽንህ ሞቋል፣ ዲስክህ ሞልቷል› የሚለው። ሌላው ለኛ ለሠሪዎቹ ነው። ውስጡ የሚሠራውን እያንዳንዷን እርምጃ ይነግረናል። ዲባግ ነው የምንለው። ችግር ስንፈልግ ለአንዱ ክፍል ብቻ አሥር ደቂቃ ከፍተን መልሰን እንዘጋዋለን። እዚህ ግን አንድ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ከፍቶታል።»

«ቢያወራ ምን ይጎዳል?»

«መዝገቡ ልክ አለው፣ ኢንስፔክተር። ሲሞላ የቆየውን እየሰረዘ አዲሱን ይጽፋል። በደህና ጊዜ የሦስት ወር ወሬ ይይዛል። እንዲህ ሲለፈልፍ ግን የዘጠኝ ሰዓት ብቻ።»

ሠርኬ ሰዓቷን አየች። መልሱን ጠርጥራዋለች፤ ግን መጠየቅ ነበረባት። «አርብ ማሽኑ ላይ ማን እንደተቀመጠ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ነበር?»

«ስሙም ሰዓቱም። ስደውልልዎት ነበረ። ደንበኞች ‹ሲስተሙ ተንቀራፈፈ› ብለው ሲደውሉልኝ ነው ደንግጬ የለመንኩዎት። አሁን የቀረው የመጨረሻው መስመር ከዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጠፍቷል።»

ይመር ወለሉን ያይ ጀመር። ሠርኬ በሩ ላይ የተከፈተውን እሽግ አየች። ለማስረጃው ብላ ያሸገችው ክፍል ውስጥ ማስረጃው ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ሲበላ አድሯል፤ በሩ ላይ ደግሞ ጠባቂ ያቆመችው እሷ ናት።

«ዝጊው» አለች በመጨረሻ። ይመር ስክሪኑን ፎቶ አነሳው፤ ሀፍሷ አንድ ቃል ጻፈች፤ ሩጫው ቆመ።

«አንድ ነገር አለ» አለች ልጅቷ ጥቂት አስባ። «እዚህ ማእከሉ ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰጥ ለደንበኞች ማሽኖች አንድ አንድ መስመር ይላካል። እነሱም ከነሰዓቱ የየራሳቸው ዲስክ ላይ ይጽፉታል። ከዚህ ሆኜ እንዳላየው ግን ኔትወርኩ ከጠዋት ጀምሮ የለም።»

«እዚያው ሄደን እንይ።»

«ነገ እሁድ ነው፣ ሱቆቹ ዝግ ናቸው። የወይዘሮ ጠሂራ መድኃኒት ማከፋፈያ ግን ይከፈታል።» ትንሽ ቆማ ጨመረች፤ «ሙናዊርም ሐሙስ እሳቸው ጋ ነበር የዋለው። ሲመለስ አላናግር አለኝ። ‹እስከ ነገ ተይኝ› ነው ያለኝ።»

እሁድ ማለዳ ከአስከሬን ምርመራ ተደወለ። ዶክተሩ ሟቹ ወዲያው እንዳልሞተ፣ ከተመታ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሕይወት መቆየቱን ነገራት። «ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር?» ስትለው፣ «ይተርፍ ነበር ማለት ይከብደኛል፤ አይተርፍም ማለትም አልችልም» ብሎ ዘጋ። ለዚህ ጉዳይ የሚጨበጥ መልስ የሚሰጣት ሰው መቼ እንደምታገኝ እያማረረች ሀፍሷን ይዛ ወደ አውቶቡስ ተራ ነዳች።

ወይዘሮ ጠሂራ ከአውቶቡስ ተራው ሆቴሎች ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል መጋዘን ነው የሚሠሩት። ሀምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጭ ጋውን በቀሚሳቸው ላይ የደረቡ ሴት ናቸው። የሙናዊርን ስም ሲሰሙ ተቀመጡ።

«ሐሙስ የጠራሁት እኔ ነኝ። ኢንሱሊን የሸጥኩላቸው ሁለት ፋርማሲዎች ‹መድኃኒቱ አልሠራ አለ› ብለው ስሞታ አቀረቡ። አንዲት እናት ሆስፒታል ገብተዋል፤ እስካሁን አልነቁም። እኔ ደግሞ ማቀዝቀዣውን በየሰዓቱ አየዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ አራት ዲግሪ ይላል። ሙናዊር መጥቶ በእጁ ሲነካው፣ ልጄ፣ ውስጡ ሞቃት ነው። ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ኖሯል። አራት ላይ እንደቆመ ነው የቀረው። ሙናዊር ነው አጥፍቶ ያስነሳው።»

«ኮምፒውተር ሲቆም ንቁ አይናገርም እንዴ?» አለች ሠርኬ ወደ ሀፍሷ ዞራ።

«መናገር አለበት። ሥራው ይሄ ነው» አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት።

«ድሮ ይናገር ነበር» አሉ ወይዘሮ ጠሂራ። «እንዲያውም ያበዛው ነበር፤ ቀይ ጽሑፍ በሆነ ባልሆነው። በጥር ወር ተማርሬ ቢሮ ደወልኩ። በማግስቱ ጸጥ አለ። ተሠራ ብዬ ደስ አለኝ።»

ሀፍሷ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ መዝገቡን ከፈተች። ሠርኬ ከኋላዋ ቆማ ፊቷ ሲገረጣ በስክሪኑ ነጸብራቅ አየችው።

«ምን አገኘሽ?»

«ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። አንዱ ጥር 24 ነው፤ ከማእከል የመጣ ትእዛዝ። የዚህን ማሽን ወሬ ወደ ዜሮ ያወርደዋል። ዜሮ ማለት ማስጠንቀቂያውም ጭምር ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው አርብ፣ ሰባት ሰዓት ከአምስት። ማእከሉ ወደ ማይነስ አንድ ተቀየረ ይላል። ማይነስ አንድ ሁሉንም መክፈት ነው።»

«የሰጪው ስም አለ?»

«እዚህ ስም አይጻፍም። ማእከሉ ላይ ነበር።»

ሠርኬ በንዴት ሳቀች። «በቃ፣ እዚህም ባዶ ነው።»

ሀፍሷ ግን ከስክሪኑ ዓይኗን አላነሳችም። «እኛ ቁጥር አንጽፍም» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በመጀመሪያው ንቁ ሁሉም ክፍል ቁጥር ነበረው። ዲስክ አንድ፣ ሜሞሪ ሁለት፣ ኔትወርክ አራት። ዲስክና ኔትወርክ ከፈለጉ ደምረው አምስት ይጽፋሉ። ሰው ይሳሳትበታል። ከሁለት ዓመት በፊት ሙናዊር እንደ አዲስ ሲጽፈው በስም አደረገው። አሁን ‹ዲስክ› ብለን እንጽፋለን፤ ‹ሁሉም›፣ ‹ምንም› ብለን እንጽፋለን። እኔ ቁጥሮቹን ከሰው ሰማሁ እንጂ ጽፌያቸው አላውቅም።»

«ታዲያ ቁጥር የሚጽፍ ማን ነው?»

ልጅቷ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

«ሀፍሷ። ነገ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጠሀ ፍርድ ቤት ይቆማል።»

«የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው» አለች፤ እንባዋ ወረደ።

ሠርኬ ወደ ጋራዡ ስትደርስ ኃይሌ እሁድነቱን ረስቶ ሞተር በታትኗል። ፊቱ ተንበርክካ በዓይኑ ትክክል ሆነች።

«ኃይሌ፣ አንድ ነገር ደግመህ ንገረኝ። አርብ ያየኸው ሰውየውን ነው ወይስ መኪናውን?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። «መኪናው... መኪናው ከእጄ አልወጣም። እሳቸው ቁልፉን ሰጥተውኝ ሻይ ልጠጣ ብለው ወጡ።»

«መቼ ተመለሱ?»

«እንጃ። ስድስት ተኩል ገደማ የፍሬኑ ሸራ እንዲቀየር ላስፈቅድ ስደውልላቸው ስልካቸው ዝግ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሰባት ተኩል ካለፈ በኋላ መጥተው እዚያ ጥግ ተቀመጡ። አልቧቸው ነበር። ከዚያ ነው የተደወለላቸው።»

«ቅዳሜ እንዲህ አላልከኝም።»

«ነበሩ ወይ አልሽኝ፣ ነበሩ አልኩሽ!» አለ ኃይሌ ተቆጥቶ። እውነቱን ነው። የጠየቀችው እሷ ነበረች፤ ጥያቄውም የደካማ ጥያቄ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ወልደሚካኤልን ማሽን ክፍሉ ውስጥ ቀጠረቻቸው። ሀፍሷ ቀደም ብላ የተነገራትን ሠርታ ወደ ጎረቤት ክፍል ገብታለች። ስክሪኑ ላይ ፊደላቱ እንደገና ይሮጣሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች ሠርኬ። «ልጅቷ ለቅሶ ላይ ናት፤ ይሄ ነገር ደግሞ አላቆመም። ደንበኞችዎ ምርር ብለው እየደወሉ ነው። ምርመራው ስላለቀ አሁን ይንኩት።»

«አለቀ?»

«ሰውየው ዛሬ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ጋሼ ወልደሚካኤል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ፤ ጣቶቻቸው ኪቦርዱ ላይ ሳያመነቱ ሄዱ። ፊደላቱ ቀጥ አሉ።

ሠርኬ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ይመር ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«ዜሮ» አለች። «እዚህ ቢሮ ዜሮ የሚጽፍ ሰው የለም፣ ጋሼ። ‹ምንም› ነው የሚጽፉት። ቁጥሩ እስካሁን ለምን እንደሚሠራ ሀፍሷን ጠየቅኳት። ‹ሙናዊር ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ ጋሼ አንድ ቀን ቢነኩት እንዳይቸገሩ ብሎ ተወው› አለችኝ።»

ሰውየው ከወንበሩ አልተነሱም።

«ጥር 24 ቀን የወይዘሮ ጠሂራን ማሽን በዜሮ ዝም አሰኙት። አርብ ሰባት ከአምስት ላይ ይሄንን በማይነስ አንድ አስለፈለፉት። ሁለቱም እሳቸው ጋ ተጽፏል። ኃይሌ ጋራዥ የዋለው መኪናዎ ነው፤ እርስዎ አይደሉም። አርብ ደግሞ ‹ማንም ባይነካው ነው የሚሻለው› ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር።» «ላፕቶፑ የት ነው?»

የታረመው ድምፃቸው ተሰብሮ ወጣ።

«መኪናዬ ውስጥ። ከስኮርታ ጎማው ሥር።»

«ለምን?»

«ነገ የሚመጡ እንግዶች ነበሩን። ከትልቅ መሥሪያ ቤት። ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ሲስተም ሊያዩ። የደንበኞች ገጽ በቀይ ተሞልቶ ላሳያቸው? ጥቂቶቹን ዝም አሰኘኋቸው፤ እስኪሄዱ ብዬ። ልጁ ሐሙስ ደረሰበት። አርብ ሰው በሌለበት እንነጋገር አልኩት፤ መጣሁ። ‹ሰው ሆስፒታል ገብቷል፣ ጤና ቢሮ አመለክታለሁ› አለኝ። አራት ቀን ታገሠኝ አልኩት። ላፕቶፑን ይዞ ሊወጣ ሲል ያዝኩት። ተጓተትን። ሲለቀኝ ወደ ኋላ ሄደ። ልገድለው ብዬ አልነበረም፣ ልጄ። እንደ ልጄ ነው ያሳደግኩት።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስድስት ከአርባ ግድም።»

«ትእዛዙን የጻፉት ሰባት ከአምስት ነው። በመሃል ምን ሲያደርጉ ነበር?»

ጋሼ ወልደሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። «የይለፍ ቃሌን ረስቼው ነበር። ጥር ላይ ከማስታወሻዬ አይቼ ነበር የገባሁት፤ አርብ አልያዝኩትም። እየደጋገምኩ ሞከርኩ።»

«ሃያ አምስት ደቂቃ።»

«አዎ።»

«ይተነፍስ ነበር?»

ከጎረቤት ክፍል የሀፍሷ ሲቃ ተሰማ፤ በሩ ክፍት ነበር። ይመር ካቴናውን አወጣ።

ጠሀ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተፈታ። ሠርኬ ይቅርታ ልትጠይቀው በር ድረስ ተከተለችው። ሰውየው ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን እየተቀበለ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እናቴ ስትደውልልኝ ስልኬን ያነሳው ፖሊስ ነው» አለ ብቻ። «የዓይኗ ጨርቅ ሳይፈታላት መጣሁ ብላ ተነስታለች አሉ።» ማሰሪያውን ሳያስር ወጣ።

ኮማንደር ተክለ ሃይማኖት የሪፖርቷን ረቂቅ አንብበው ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። «ግሩም ሥራ ነው። ይቺን ግን አውጪያት፤ ‹መርማሪዋ ባለሙያዋን በመከልከሏ መዝገቡ ጠፍቷል› የምትለውን። ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ታዲያ?»

«የሆነው ይሄ ነው፣ ኮማንደር» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ትታ ወጣች።

ማሽን ክፍሉ ስትመለስ ሀፍሷ ብቻዋን ተቀምጣለች። ኔትወርኩ መጥቷል። ልጅቷ ዝም የተባሉትን ማሽኖች ዝርዝር አውጥታ ጨርሳለች።

«ዘጠኝ ናቸው» አለች። «አራቱ መድኃኒት ቤቶች። አሁን ወሬያቸውን ልመልስላቸው?»

«መልሺ።»

ሀፍሷ የዘጠኙን ስም አንድ በአንድ ጻፈች። ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ አንድ ቀይ መስመር ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። አንዱ ማሽን ከሁለት ሳምንት በፊት ቆሟል። ሀፍሷ አንደኛውን ስልክ አንስታ መደወል ጀመረች። ሌላ ሠራተኛ የለም፤ አንደኛው ሞቷል፣ ሌላው ታስሯል። ሠርኬ ኮቷን አውልቃ ሁለተኛውን ስልክ ሳበች፤ ከዝርዝሩ ላይ ቁጥር አየችና ደወለች።

«ሄሎ፣ ኢንስፔክተር ሠርኬ እባላለሁ፣ ከፖሊስ። አይደንግጡ። የመድኃኒት ማቀዝቀዣ አለዎት አይደል?»

«አለን» አለ የአንድ አዛውንት ድምፅ። «ምን ሆነ? ደህና ነው፤ ስክሪኑ አምስት ዲግሪ ይላል።»

«ስክሪኑን ይተዉት አባት። በሩን ከፍተው እጅዎን ያስገቡልኝ።»

ሰውየው እያጉረመረሙ ስልኩን አስቀመጡ። የጫማቸው ኮቴ ራቀ፤ የብረት በር ተከፈተ። ሠርኬ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። ኮቴው ሲመለስ ፈጥኖ ነበር።

«ልጄ» አሉ፤ «ከዚህ መድኃኒት የወሰዱትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ልንገርሽ፤ ጻፊ።»